ከሳንባ ቀዶ ሕክምና በኋላ፦ ለአስታማሚ ልጆች

ልጆቼ፣

በካንሰር ምክንያት የሳንባቸው ክፍል ወጥቶ ወላጆቻችሁ ቤት ሲገቡ፣ እኛ ጎጃሞች መጀመሪያ የምናደርገው አልጋ አንጥፎ ማስተኛት ነው። «አይነሱ፣ እኛ አለን!» ጉዳቱ ከዚህ ይጀምራል። የተኛ ሰው ትንፋሹ ከላይ ከላይ ነው፤ አክታው ከሳንባው ግርጌ ይጠራቀምና የሳንባ ምች ያመጣል፤ እግሩም ላይ ደም ሊረጋ ይችላል።

ቀን ቀን በየሰዓቱ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጧቸው። በአፍንጫ ቀስ ብለው በጥልቀት ይሳቡ፣ 3 ሰከንድ ያህል ይያዙ፣ በአፍ ያውጡ፤ 10 ጊዜ፣ ካዞራቸው እያረፉ። ከዚያ ያስሉ። ስለሚያም ሳሉን ያፍኑታል። ጋቢ አጣጥፋችሁ ስጧቸው፤ ቁስሉ ላይ ጫን አድርገው ይዘው ያስሉ። ማስታገሻውም በታዘዘው ሰዓት ይወሰድ፤ «ሲብስብኝ እወስዳለሁ» ቢሉ አትስሟቸው።

በቀዶ ሕክምናው ጎን ያለው ክንድ ካልተንቀሳቀሰ ትከሻው ይደርቃል። ነጠላቸውን ራሳቸው ያጣፉ፤ ከዚህ የተሻለ ልምምድ የለም። 20 ሊትር ጀሪካንና እርሻ ግን ሐኪሙ እስኪፈቅድ አይታሰብም።

እግር መንገዱ እስከ አጥሩ፣ ቀጥሎ እስከ ጎረቤት፣ ውሎ አድሮ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ይሁን። እየሄዱ ማውራት ከቻሉ ልክ ነው፤ ቃል ከተቆረጠባቸው አረፍ ይበሉ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ትበልጣለች፤ የጮቄ ተራራ አገር ደግሞ ከዚያም በላይ ነው። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ፣ ከባሕር ዳር ወደ ደጋ ሲመለሱ እርምጃውን ቀንሱላቸው።

የሚያናድደኝ ጭሱ ነው። በሽተኛው ተኝቶ እዚያው ቤት እንጀራ ይጋገራል፤ ጠያቂ ሲመጣ እጣን ይጨሳል። ቡናው ይፈላ፣ እጣኑ ይቅር።

ከጡት ሥር እስከ ጀርባ የሚያቃጥል ወይም የሚደነዝዝ ስሜት ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ በጎድን አጥንቶች መካከል ያለው ነርቭ ስለሚነካ ነው። እነሱ ግን ካንሰሩ የተመለሰ ይመስላቸውና ዝም ይላሉ። «እንዴት ነዎት?» ብትሉ መልሱ «እግዜር ይመስገን» ነው። «ሌሊት ስንቴ ነቁ? ልብሱ ሲነካዎ ያምዎታል?» በሉ። የሚያቃጥለው ሕመም መድኃኒት ስላለው ለሐኪሙ ንገሩ።

ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ደም ያለበት አክታ፣ የአንድ እግር ባት እብጠት ወይም ከቁስሉ መግል ካያችሁ ግን ጠበሉም ጠያቂውም ይቆይ፤ ወዲያውኑ ሆስፒታል አድርሷቸው።