ሌክቸሩን መቅዳት አትተዪ፤ ክፍል ውስጥ መድገሙን ተይው

እህቴ፣ «ሌክቸሬን እየቀዳሁ ቴሌግራም ላይ ስለቀው ግማሹ ተማሪ ከክፍል ቀረ፤ የሚመጣውም ሳያየው ነው የሚመጣው። ልተወው?» ብለሻል። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ ኮሌጅ ለማታ ተማሪዎች አካውንቲንግ አስተምራለሁ፤ እኔም እዚሁ ላይ ነው የተቸገርኩት።

መጀመሪያ የአንድ ሰዓት ከሩብ ሌክቸር እንዳለ ቀድቼ ነበር የምጭነው። ከኮዬ ፈጬ የምትመጣ ተማሪዬ «መምህር፣ እሱን ሳወርድ የሳምንቱ ፓኬጄ አለቀ» ስትለኝ ደነገጥኩ። አሁን አንድ ሐሳብ ብቻ ይዤ ከስድስት እስከ ስምንት ደቂቃ እቀዳለሁ። ወረቀት ላይ በእጄ እየጻፍኩ ስልኬን ከላይ አስራለሁ፤ በቃ። ኢንተርኔት ለሌላቸው በፍላሽ እሰጣለሁ፣ እነሱም በዜንደር ይቀባበሉታል። እ.ኤ.አ. በ2014 ኤዴክስ በተባለው የኢንተርኔት ትምህርት መድረክ ኮርሶች ላይ የተደረገ ጥናትም ተማሪ ቪዲዮ ላይ የሚቆየው ቢበዛ ስድስት ደቂቃ ገደማ መሆኑን አሳይቷል።

ዋናው ጥፋቴ ግን ክፍል ውስጥ ነበር። ሳያዩ የመጡት አሳዝነውኝ እንደገና ከሀ ጀምሬ አስተምር ነበር። አይተው የመጡትን ነው የቀጣኋቸው፤ ያላዩት ደግሞ አለማየት እንደማይጎዳ ከእኔው ተማሩ። በሚቀጥለው ሴሚስተር መድገሙን አቆምኩ። ገብተው እንደተቀመጡ በቁራጭ ወረቀት የአምስት ደቂቃ ጥያቄ እሰጣለሁ፤ ማርኩ ትንሽ ነው፣ ግን ይቆጠራል።

ከዚያ አንዲት ጥያቄ ከነምርጫዎቿ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ለምሳሌ፦ አንድ ድርጅት ሚያዝያ 1 ቀን የዓመት የሱቅ ኪራይ 120,000 ብር ከፈለ፤ ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ ወጪው ስንት ነው? ሁሉም የመረጠውን መልስ ቁጥር በጣቱ ደረቱ ላይ ያሳያል፣ ማንም ማንንም ሳያይ። አብዛኛው 120,000 ይላል፤ ብሩ ከእጅ ወጥቷላ! መልሱን አልናገርም። «የተለየ መልስ ያለው ጎረቤት ፈልጉና አሳምኑት» እላለሁ። አንድ ጊዜ አንዱ ልጅ ጓደኛውን «የስድስት ወር የቤት ኪራይ ቀድመህ ብትከፍል፣ ሦስት ወር ስትኖር የቀረው የማን ነው?» ሲለው ሰማሁ። እኔ በአንድ ሰዓት ያላስረዳሁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው። እንደገና ሲያሳዩ ብዙዎቹ 30,000 ወጪ፣ 90,000 ፕሪፔይድ ሬንት (ቀድሞ የተከፈለ ኪራይ) አሉ። ይህን አካሄድ የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ሲሠራበት ኖሯል። «የቡድን ሥራ» ብለሽ ብቻ አትልቀቂያቸው፤ በአንድ ለአምስት አንዱ ሠርቶ አራቱ ስም ማስጻፍ የለመደ ትውልድ ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱ ለብቻው መልስ ይያዝ።

አንድ ነገር ግን ተዘጋጂበት፤ ተማሪ ያማርራል። «መምህሩ አያስተምርም» ተብዬ በግምገማ ነጥቤ ወርዶ ተጠርቻለሁ፣ አሞኛልም። በኋላ እ.ኤ.አ. በ2019 ሃርቫርድ ውስጥ የተሠራ ጥናት አነበብኩ፦ በተሳትፎ የተማሩት የበለጠ ዐውቀው ሳለ የተማሩት ያነሰ መስሏቸው ነበር፤ የሚያደክም ነገር ያልገባን ይመስለናላ። አሁን ይህንን በመጀመሪያው ሳምንት ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ። አብሬም እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን፣ 225 ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ አነሳላቸዋለሁ፦ በሌክቸር ብቻ በሚሰጥ ኮርስ የሚወድቀው 34 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ተሳትፎ ባለበት 22 በመቶ ገደማ ነው።

ስለሚቀሩት፦ ቪዲዮው ላይ የሌለ ነገር ክፍል ውስጥ ሲጀመር ብዙዎቹ ተመለሱልኝ። ሁሉም አይደሉም። የሌሊት ፈረቃ የሚገቡ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ እነሱ በቪዲዮው ይከታተላሉ፣ የኪራይዋን ዓይነት ጥያቄ በድምፅ መልእክት እልክላቸዋለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከክፍል በፊት መጥተው ከእኔ ጋር ይከራከሩበታል።