የቁልቢ መንገድ ያስታረቃቸውና ሌሎችም ደብዳቤዎች

ታኅሣሥ 19 ባለፈ ቁጥር የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ጠባያቸው ይለወጣል። ለወትሮው ስለ አማትና ስለ ቤት ኪራይ የሚጽፉልኝ አንባቢዎች በጥር ወር ስለ መንገድ ይጽፋሉ፤ ማን ከማን አጠገብ እንደ ተቀመጠ፣ ማን እንዳኮረፈ፣ ማን ያልጠበቀውን ሰው ወድዶ እንደ ተመለሰ። ዘንድሮ ከፍቅሩ ጎን የጓደኝነት ስንብትም በዝቷል። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬ፣ ስምና መሥሪያ ቤት አውጥቼ አቅርቤያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የግዥ ሠራተኛ ነኝ። ከሒሳብ ክፍሉ ባልደረባዬ ጋር ዓይንና ናጫ ሆነን ነው የኖርነው። የማቀርበውን ሰነድ ይመልስብኛል፤ እኔም በስብሰባ ላይ ስሙን ሳልጠራ እሸነቁጠዋለሁ። ዘንድሮ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሚኒባስ ተከራይተን ቁልቢ ስንሄድ ከእርሱ ጎን ደረሰኝ። እስከ መተሐራ ቃል አልተነፈስንም። ከአዋሽ አልፈን ጎማ ፈነዳ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ምን ብዬ ልንገርዎት? ስንመለስ ሰው ሁሉ ተኝቶ እኛ እስከ አዳማ እያወራን መጣን። ይህ ፍቅር ነው ወይስ የመንገዱ ነገር?
«ጎኔ የደረሰው»፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ «ምን ብዬ ልንገርዎት» ብለሽ ብታልፊውም ሦስተኛው ገጽ ላይ ጽፈሽዋል፤ እኔን የያዘኝም እርሱ ነው። ሹፌሩና ረዳቱ በክሪኩ ሲነታረኩ ሰውየው እጅጌውን ሰብስቦ ድንጋይ ለቀመና መኪናው እንዳይንሸራተት ከጎማዎቹ ኋላ አስደገፈ። ፀሐዩ ሲበረታ፣ ለስለት ጥላ ይዘው የመጡትን እናት ዘርግተው እንዲጠለሉበት ለመናቸው። እርሳቸውም «የገብርኤልን ጥላ እኔ አልጠለልበትም» አሉት። ያን ጊዜ ጋቢውን ከግራር ቅርንጫፍ ላይ አሥሮ ዳስ ሠራላቸው። አንዱ ጫፍ የሚታሠርበት አጥቶ አንቺ ያዝሽለት፤ «ጠበቅ አድርጊው» አለሽ። ያለ ማኅተምና ያለ ቁጥር የነገረሽ የመጀመሪያው ቃል ይመስለኛል።

ደስ ይላል። ነገር ግን መንገድ ያታልላል። እ.ኤ.አ. በ1974 ዶናልድ ዳተንና አርተር አሮን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በካናዳ፣ ቫንኩቨር አጠገብ፣ ካፒላኖ በሚባል ተንጠልጣይ ድልድይ ላይ ጥናት አድርገው ነበር። ድልድዩ 70 ሜትር ገደማ በሚሆን ገደል ላይ ይወዛወዛል። የሚሻገሩትን ወንዶች አንዲት ሴት መጠይቅ ታስሞላቸውና ስልክ ቁጥሯን ትሰጣቸዋለች። ዝቅ ያለውንና የማይነቃነቀውን ሌላ ድልድይ ከተሻገሩት ይልቅ ከሚወዛወዘው ላይ ያገኘቻቸው በብዛት ደወሉላት። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት ሰዎቹ ገደሉ ያመጣባቸውን የልብ ምት ሴትዮዋ ያመጣችው መስሏቸዋል። ከሚኤሶ ወደ አሰበ ተፈሪ ሽቅብ ስትወጡ፣ በጠመዝማዛው ላይ ከባድ መኪና መብራቱን እያበራ ሲመጣባችሁ፣ የአንቺም ልብ መምታቱ አይቀርም።

ስለዚህ አሁን የልብሽን ምት ተዪውና የድሮውን ጠባችሁን መርምሪ። ባለትዳሮችን ለአሥርት ዓመታት ያጠናው አሜሪካዊው ጆን ጎትማን፣ ወደ ፍቺ ከሚያደርሱ ጠባዮች ሁሉ የከፋው ንቀት ነው ይላል። ሰው ተቈጥቶ ይመለሳል፤ የናቀሽ ሰው ግን ጋቢ ዘርግቶልሽም ይንቅሻል። ይህ ሰው ንቆሻል? ራስሽ እንደ ጻፍሽው ብዙዎቹን ሰነዶች የመለሰው ሦስት ፕሮፎርማ ሳይሟላ ስለ ቀረቡ ነው። ይህማ ሥራው ነው። ከኋላሽ ሄዶ ለአለቃ አላሳጣሽም፤ የጎደለውን በወረቀት ጽፎ ለአንቺው ነው የመለሰው። ይልቅ በስብሰባ ላይ በነገር የምትሸነቁጪው አንቺ ስለ ሆንሽ፣ ይቅርታው ከማን መጀመር እንዳለበት አይጠፋሽም።

ከፍቅሩ በፊት አንድ የቢሮ ጉዳይ አለ። አንቺ የምታዘጋጂውን ሰነድ የሚመረምረው እርሱ ነው። ነገሩ እየጠና ከሄደ ለአለቃችሁ ተናግራችሁ የአንቺን ሰነድ ሌላ ሰው ይይ። ሰው ሹክ ሳይባባል እናንተ ብትቀድሙ ይሻላል። ከዚያ በተረፈ ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን ሳታዪ ሽማግሌ እንዲልክ አትፍቀጂለት። በቁልቢ መንገድ ደግ መሆን ብዙ አይከብድም። በጀት መዝጊያ ሳምንት ላይ ደግ የሆነ የሒሳብ ሠራተኛ ካገኘሽ ግን አትልቀቂው።

ጥያቄ፦ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ያልተለያየን ሦስት ጓደኛሞች ነን። ባለፈው አብረን አርባ ምንጭ ሄደን ነበር። ሆቴል የያዝኩት፣ ገንዘብ የሰበሰብኩት፣ ፎቶ ያነሣሁት እኔ ነኝ። እነርሱ ግን ሙሉ መንገዱን በሰውነቴና ባላገባሁት ባል ሲስቁ ሄዱ። ሳለቅስ «አንቺ ቀልድ አይገባሽም» አሉኝ። ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት አድርጌ ልጣለው?
«ሦስተኛዋ»፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ከደብዳቤሽ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት ስለ ሳቁ የጻፍሽውን አይደለም። በኅዳር የሥራ እድገት አግኝተሽ እስካሁን ለሁለቱም አልነገርሻቸውም። ለምን? «ምን እንደሚሉ አውቃለሁ» ብለሻል። ሐዘኑን አብሮ የሚያዝን ሰው በአገራችን ሞልቷል፤ ድንኳን ተጥሎ የማይመጣ የለም። ደስታሽን የምትደብቂው ጓደኛ ግን ከልቅሶ ቤት ውጭ ጓደኛሽ አይደለም።

ዘመኑን ጣይ አላልኩሽም። አብራችሁ ያደጋችሁበት ጊዜ እውነት ነው፤ ማንም አይወስድብሽም። ያለፈው ዘመን ግን ለሚመጣው መያዣ አይሆንም። በዚያ ላይ «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» እንዲሉ፣ ሁልጊዜ ሆቴል ያዥ፣ ሁልጊዜ ገንዘብ ሰብሳቢ የሆነ ሰው ደጃፉን ራሱ ከፍቷል። ከዚያ ጀምሪ። የሚቀጥለውን ጉዞ አታዘጋጂ፤ ሲጠይቁሽ «ዘንድሮ አልችልም» በያቸውና ምክንያት አትደርድሪ። ጉዞው ሳይኖር የሚደውልልሽ ማን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ታያለሽ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። እንዲህ ባለ ነገር ሁለቱ እኩል ጥፋተኞች የሚሆኑት ከስንት አንዴ ነው። አንዷ ትጀምራለች፤ ሌላዋ ተራው ወደ እርሷ እንዳይዞር ፈርታ ትስቃለች። አጃቢዋን ለብቻዋ ቡና ጋብዢና «ያን ቀን መኪና ውስጥ የሳቅሽው አሞኛል» በያት፤ «እናንተ» ሳትዪ «አንቺ» ብለሽ ንገሪያት። ዐይኗን ከሰበረች ተስፋ አላት። ሮጣ ለሌላዋ ከነገረች ደግሞ ጥያቄሽ ተመልሷል።

ጥያቄ፦ በሰርቪስ አብሮን የሚሄድ ሰው አለ። በተሳፈርኩ ቁጥር ስለ አለባበሴና ስለ ትውልድ አገሬ እየተናገረ ሰው ያስቅብኛል። ጓደኞቼ «ስለሚወድሽ ነው፤ የእናንተ ፍቅር በጠብ ነው የጀመረው» ይሉኛል። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ሆዴ ይረበሻል።
ስም የለውም፣ ከአዳማ

መልስ፦ ሆድሽን እመኚ። ከመጀመሪያዋ ጠያቂ ጋር የሚያመሳስላችሁ ነገር የለም። የእርሷ ሰው የተጣላው በሰነድ ነው፤ የአንቺው የሚናገረው በተወለድሽበት አገር ነው፤ ይህን ደግሞ አሟልተሽ መልሰሽ የምታቀርቢው ነገር አይደለም። ተግባብተሽ ሳይሆን ፈርተሽ እየተሳፈርሽ ነው። የተናገረውን ከነቀኑ ጻፊ፤ ለሰው ኃይል አስተዳደር አመልክቺ፤ እስከዚያ ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጪ። ጓደኞችሽን በተመለከተ፣ የሰው መዋረድ የፍቅር ታሪክ መስሎ የሚታያቸው ከሆነ ምክራቸውን አትጠይቂ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር አትላንታ በነበረ ጊዜ አራት ሆነን በእኔ መኪና ሄድን። አብሮ አደጌ፣ ወንድሜ የምለው ሰው፣ መንገድ ላይ የፍቺዬን ጉዳይ ለሁሉም ዘረገፈው። ዝም ያሰኘችው ማን ትመስልዎታለች? የቀድሞ ባለቤቴ የአክስት ልጅ! በፍቺው ጊዜ ፊት የነሣችኝ ሴት ናት። «ይህ እዚህ የሚወራ አይደለም» አለችው። አብሮ አደጌን ልተወው እፈልጋለሁ፤ ግን ዕድራችንም ቤተ ክርስቲያናችንም አንድ ነው። ስለ እርሷስ ማሰብ ማብዛቴ ምን ይባላል?
«ሹፌሩ»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያ ውድድር እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ሰውን ከየስቴቱ ሲያሰባስብ ኖሯል፤ ስንት ትዳር እንደ ተጀመረበት ስንቱም እንደ ፈረሰበት ቈጥሮ የሚዘልቀው የለም። ከሜሪላንድ አትላንታ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያን ያህል መንገድ መሪ ጨብጠው፣ መውረጃ አጥተው፣ ገመናዎን መስማትዎ በእውነት ያሳዝናል።

እንደ እርስዎ ባለ ማኅበረሰብ ውስጥ «ከዛሬ ጀምሮ አላውቅህም» ማለት አይቻልም፤ ክርስትናውም ልቅሶውም ያገናኛችኋል። መራቅ ግን ይቻላል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በስልክ ሳይሆን በአካል፣ «የነገርኩህን ምሥጢር ሰው ፊት አወጣህ፤ ከእንግዲህ ምሥጢር አልነግርህም» ይበሉት። ከዚያ በኋላ በዕድር ስብሰባ ላይ ሰላምታ ይስጡት፤ ልጁ ሲታመም ይጠይቁት፤ መኪናዎ ውስጥ ግን አያስገቡት። ሰው «ምን አጣላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ «አልተጣላንም» ይበሉ። ሐሰት አይደለም፤ ቦታውን ብቻ ነው የለወጡት።

ስለ ሴትዮዋ ደግሞ፣ ደውለው ያመስግኑ። ለወገኗ አድልታ ፊት የነሣችዎት ሰው እርስዎ ሲበደሉ ዝም አለማለቷ ትልቅ ነገር ነው፤ እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን ማሰቤ አይቀርም ነበር። ነገር ግን ከፍቺ ማግስት የቀድሞ ባለቤት ዘመድ ጋር የሚጀመር ነገር ሁለት ቤተሰብ ያምሳል፤ ልጆችም አሉዎት። ምስጋናው ይበቃል። ዓመት ካለፈ በኋላም ማሰቡ ካልተወዎት እንደገና ይጻፉልኝ፤ ያን ጊዜ ሌላ መልስ ልሰጥ እችላለሁ።

ጥያቄ፦ በግንቦት አገባለሁ። ከልጅነታችን ጀምሮ ሚዜ እንሆናለን ተባብለን ከነበረች ጓደኛዬ ጋር አሁን ለሰላምታ እንኳ አንስማማም። ቃሌን ልጠብቅ?
ሙሽሪት

መልስ፦ ልብስ ከመለካቱ በፊት ራስሽ ንገሪያት፤ ከሌላ ሰው አትስማው። ለሠርጉ ጥሪያት፤ ሚዜ ግን አታድርጊያት። በሠርግሽ ቀን ቀሚስሽን የምታነሣልሽ ሴት ፊቷ የተፈታ መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ የሚጎዱኝን ጓደኞቼን ትቼ ወራት አለፉ። ሰላም አግኝቻለሁ፤ ግን ቅዳሜ ከሰዓት የምደውልለት ሰው የለኝም። ልመለስ?
ከመቀሌ

መልስ፦ አትመለስ፤ ቅዳሜው እንደሚረዝም ግን አውቃለሁ። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ አዲስ የተዋወቁ ሰዎች የልብ ጓደኛ ለመሆን ከ200 ሰዓት በላይ አብረው ማሳለፍ ይፈልጋሉ ይላል። በሳምንት አንድ ከሰዓት ብታውል ዓመት ሊፈጅ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ጓደኛ አትፈልግ፤ በየሳምንቱ ያንኑ ሰው የምታገኝበት ቦታ ፈልግ፤ ኳስ ሜዳ፣ ማኅበር፣ ዕቁብ፣ የማታ ትምህርት። ሰዓቱ ራሱ ይጠራቀማል።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ልብ ወለዴን እየጻፍኩ ነው። ሁለት የሚጠላሉ ሰዎች ከአዲስ አበባ ጎንደር በአንድ መኪና ይሄዳሉ፤ ዓባይ በረሃ ላይ ይዋደዳሉ። ሴቲቱ ክፉ ጓደኞች አሏት፤ መጨረሻ ላይ ትተዋቸዋለች። ምን ይጎድለዋል?
ጀማሪ ደራሲ

መልስ፦ መንገዱ ይጎድለዋል። ጎሐ ጽዮን ሲደርሱ ገና 200 ኪሎ ሜትር አልሞሉም፤ ጎንደር ደግሞ ከ700 በላይ ነው። ገደሉ ውስጥ ካዋደድካቸው የቀረውን 500 ኪሎ ሜትር ምን ሊሠሩበት ነው? እዚያ አጣላቸው። ከ1000 ሜትር በላይ ወደ ታች ሲወርዱ ፍሬኑ ግሎ ይሸታል፤ ሙቀቱ ይጨምራል፤ እርሱ መኪናው እንዲያርፍ ይፈልጋል፤ እርሷ ሳይመሽ ደጀን መግባት ትፈልጋለች። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አንባቢው የማንን ወገን እንደሚይዝ ይቸገር። «ሆቴሉ ውስጥ አንድ ክፍል ብቻ ቀረ» የሚለውን ምዕራፍ ሰርዘው፤ በደብረ ማርቆስ አልጋ አይጠፋም። ዘመኑንም ወስን፤ የዛሬ ከሆነ አንባቢው መጀመሪያ የሚጠይቅህ ስለ ፍቅሩ ሳይሆን መንገዱን በሰላም እንዴት እንዳለፉ ነው።

ጓደኞቿን ሰይጣን አታድርጋቸው። ከጅምሩ ክፉ ከሆኑ መተዋቸው ምን ያስጨንቃታል? እናቷ በሞቱ ጊዜ አንደኛዋ እስከ አርባው ከእርሷ ጋር ትደር፤ እንጀራ ትጋግር፤ እንግዳ ታስተናግድ። ከዚያ በኋላ በእርሷ ላይ የምትስቀው ይህችው ሴት ትሁን። ያን ጊዜ መለያየቱ ይከብዳታል፤ አንተም የምትጽፈው ታገኛለህ።

የላክልኝን አሥራ ሁለት ገጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሰዎቹ ለምን እንደሚጠላሉ ግን አላገኘሁም። እርሱን ጻፈውና መልሰህ ላክልኝ።