ስለ አየር ግፊት ለጠየቃችሁኝ

አንድ የአዘዞ ልጅ የስልኩ ባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያው) ወደ 800 የሚጠጋ ቁጥር ያሳየዋል። ትክክለኛው 1013 ነው ሲሉት ስልኩ የተበላሸ መሰለው። አልተበላሸም። 1013 ሄክቶፓስካል (የግፊት መስፈሪያ ነው) የባሕር ጠለል ልክ ነው። እኛ ወደ 2,000 ሜትር ከፍ ስላልን ከላያችን ያለው አየር ያንሳል። መተማ ስትወርድ ቁጥሩ ሲጨምር ታያለህ።

ከማራኪ የጻፉልኝ እናት፣ መተማ ቶሎ ይበስል የነበረው ሽምብራ እዚህ አልበስል ብሏቸዋል። እውነትዎን ነው፤ ጎንደር ላይ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ዘፍዝፈው ያሳድሩት።

የደምቢያው ገበሬ ደግሞ ባሮሜትር ገዝቶ ዝናብ ቀድሞ ማወቅ ይፈልጋል። ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ። ግፊት ሲወርድ ማዕበል መጣ የሚባለው ከምድር ወገብ ርቀው ባሉ አገሮች ነው። እኛ ዘንድ በየቀኑ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ከፍ ይላል፣ 10 ሰዓት ላይ ይወርዳል፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ መልሶ ይወጣል፣ ሊነጋ ሲል ይወርዳል። ፀሐይ አየሩን እያሞቀች የምታመጣው ነው፣ ዝናብ ኖረም አልኖረም። ከሰዓት በኋላ እየገዘፈ የሚመጣውን ደመና ብታይ ይሻልሃል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። አንድ ወጣት ከጓደኞቹ ጋር ከጎንደር ተነስቶ በዚያው ቀን ስሜን ተራሮች ላይ ጨነቅ የሚባለው ቦታ አደረ። አንዱ ራሱን ታመመ፣ አስመለሰው። «ብርድ ነው፣ ትኩስ ነገር ጠጣ» ብለው አሳደሩት። ዘንድሮ ራስ ደጀን ሊወጡ ነውና ምን መድኃኒት እንያዝ ይለኛል።

ብርድ አይደለም፣ የከፍታ ሕመም ነው! አየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ተራራው ጫፍም ላይ ያው 21 በመቶ ነው፤ ወደ ሳንባ የሚገፋው ግፊት ነው የሚቀንሰው። ራስ ደጀን ላይ ከባሕር ጠለሉ ከግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው። እኔ ራሴ ጨነቅ ላይ ጠጥቼ አጥብቄ የከደንኩትን ባዶ ሃይላንድ ጎንደር ስገባ ጭምድድ ብሎ አግኝቼዋለሁ፤ የታችኛው አየር ጨፍልቆት ነው። ዋሊያው እዚያው ተወልዶ እዚያው አድጓል፣ አንተ ግን ትናንት ፒያሳ ነበርክ። ደባርቅ እደሩ። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበት ቦታ በየሌሊቱ ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር። ራሱን ያመመው ሰው እስኪሻለው አንድ እርምጃ ወደ ላይ አይውጣ። ከተንገዳገደ፣ ከቀባዠረ ወይም ተቀምጦ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሌሊትም ቢሆን ይዛችሁት ውረዱ። መድኃኒቱን ከፋርማሲ በግምት አትግዙ። ሳትነሱ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ በተለይ ያ ያስመለሰው ልጅ። ለወጉ ያህል አይደለም የምለው።

ጉልበቴ ሲጠዘጥዘኝ ዝናብ ይመጣል ላሉኝ አባት፦ በዚህ ላይ ጥናቶቹ አልተስማሙም፤ ካበጠ ለሐኪም ያሳዩት።