ኮሮና አይጥ ካልያዘ ለምን በአይጥ ሞከሩት?

ጥያቄ፦ ኮሮና አይጥ አይዝም ሲባል ሰምቼ ነበር፣ ታዲያ ክትባትና መድኃኒቱን በአይጥ ሞከርን የሚሉት እንዴት ነው?

መልስ፦ የሰሙት ልክ ነው። ቫይረሱ ሴል ውስጥ የሚገባው ኤሲኢ2 የሚባል ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ ነው፣ የአይጥ ኤሲኢ2 ደሞ ከኛ ስለሚለይ የ2020ው (እ.ኤ.አ.) ቫይረስ በደንብ አይጣበቅበትም። ግን መላው ቀድሞ ተሰርቶ ነበር እኮ! አሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሳርስ ለሚባለው የኮሮና ዘመድ በሽታ ጥናት ብለው የሰውን የኤሲኢ2 ጂን የጨመሩባቸውን አይጦች በ2007 እ.ኤ.አ. ይፋ አድርገው ነበር፣ ሳርስ ጠፋና ፈላጊ አጡ፣ ኮሮና ሲመጣ እዚያው አሜሪካ ሜይን ግዛት ያለው ጃክሰን ላቦራቶሪ በረዶ ሆኖ የተቀመጠ የወንድ አይጥ ዘር ተጠቅሞ እንደገና አራባቸው። ችግሩ እነዚህ አይጦች ላይ ቫይረሱ ብዙ ጊዜ አንጎል ድረስ ይገባል፣ ሰው ላይ ግን ዋናው ጣጣ ሳንባ ነው፣ ስለዚህ "አይጧ ዳነች" የሚል ዜና ሳይ እኔ ቶሎ አልጨፍርም።