መልስ፦ የሦስት ዓመት ልጅ በሸራ ጀልባ

ሰላም እህቴ። ከማሊንዲ እስከ ሞምባሳ የኬንያን ባሕር ዳር ይዘን በሸራ ጀልባ ልንሄድ ነው፤ ልጁን እንውሰደው ወይስ ለአያቱ እንተወው ብለሻል።

ውሰዱት፤ ወሩን ግን ምረጡ። በሰኔና በሐምሌ ከደቡብ የሚመጣው ነፋስ፣ የዳርቻው ሰዎች ኩሲ የሚሉት፣ ባሕሩን ያናውጠዋል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ካስካዚ የሚሉት ነፋስ ነው፤ ከሰሜን ምሥራቅ ስለሚነፍስ ወደ ሞምባሳ ስትወርዱ ከኋላ ይገፋችኋል።

ዋናው ነገር ላይፍ ጃኬቱ ነው። የትልቅ ሰው ጃኬት አጥብቆ ማልበስ አይሠራም። በኪሎው ልክ የተሠራ፣ ጭንቅላቱን ከኋላ የሚደግፍ አንገትጌ ያለው፣ በእግሮቹ መካከል የሚታሰር ቀበቶ ያለው ይሁን። ያ ቀበቶ ከሌለ ውሃ ውስጥ ጃኬቱ ወደ ላይ ይወጣና ልጁ ከሥር ይሾልካል። እዚህ ለገጣፎ ሱቅ ለሱቅ አትድከሚ፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለሽ አስመጪ። ግቢ ውስጥ አልብሺውና ይሩጥበት። መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ከዚያ አላወልቅም ይላል! ቢሾፍቱ ወርዳችሁም ሐይቅ ላይ ሞክሩት።

ሌሊት አትጓዙ። መሀል ላይ ኪሊፊ ጋ ወደ የብስ የገባ ጸጥ ያለ ወሽመጥ አለ፤ እዚያ መልሕቅ ጥላችሁ እደሩ። አጎበር አትርሱ፣ ዳርቻው ወባማ ነው። ስለ መከላከያ መድኃኒቱ ከመነሳታችሁ በፊት የልጁን ሐኪም አማክሩ።