«ሌላ ሴት ይዟል ብላ ብታስብ ይሻለኛል»

የዛሬው ደብዳቤ ከመንዝ ነው። የጻፈው የ36 ዓመት አስተማሪ ነው፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት። ሰፈሩ ትንሽ ስለሆነ የወረዳውን ስም ሳልጠቅስ ትቻለሁ። ነገሩን ላሳጥረው።

ታናሽ ወንድሙ በ27 ዓመቱ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቆሙ። አዲስ አበባ ቤት ተከራይተው በሳምንት ሁለት ጊዜ ዲያሊሲስ (ደምን በማሽን ማጣራት) አስደረጉት። በሬዎች ተሸጡ፣ በጎቹ አለቁ፣ ዕቁቡም በልመና ቀድሞ ወጣ። እናትየው ለማርያም ዣንጥላ ተሳሉ። ልጃቸው እንደሚድን አልተጠራጠሩምና ዣንጥላውን አስቀድመው ገዙት። በአራተኛው ወር ልጁ «ደከመኝ፣ ጸበል ውሰዱኝ» አለ። ወሰዱት። በዘጠነኛው ቀን ዐረፈ። በሚመጣው ጥቅምት ሙት ዓመቱ ነው።

አስተማሪው ከዚያ ወዲህ መጸለይ አልቻለም። ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ቅጥሩ ጋ ቆሞ ይመለሳል። ከባለቤቱ ጋር በቁርባን ነው የተጋቡት፤ እሱ ግን ወንድሙን ከቀበረ ጀምሮ አልቆረበም። ባለቤቱ ምክንያቱን ስትፈልግ ያገኘችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሌላ ሴት ይዟል። ስልኩን ትፈትሻለች፣ ደመወዙን ትቆጥራለች። እሱም ዝም ብሏል። እንዲህ ይላል፦ «እግዚአብሔርን ተጠራጠርኩ ከምላት፣ ሌላ ሴት ይዟል ብላ ብታስብ ይሻለኛል።»

እናቱ ደግሞ በሙት ዓመቱ ቤተሰቡ ሁሉ እንዲቆርብና ስለቱ እንዲገባ ይፈልጋሉ። ዣንጥላው በፌስታል እንደተጠቀለለ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ቆሟል። ማንም አያነሳውም፣ ስለሱም ማንም አያወራም። ወሩ 21 ሲል ብቻ እናትየው ወደዚያ ጥግ አየት ያደርጋሉ።

አንድ ነገር ደግሞ የመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። ነሐሴ ላይ፣ በፍልሰታ፣ ለሥልጠና ደብረ ብርሃን ሄዶ እንቁላል ፍርፍር በላ። ከዚያ አፉን ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጠ። «ከፈጣሪ በላይ እናቴን ፈራሁ» ይላል።

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

አስቀድሜ ልንገርህ፣ ቄስ አይደለሁም። እምነትህን ልመልስልህም ላስጥልህም አልችልም። ከቻልኩ አንተም ቤትህም ውስጥ የታሰረውን ነገር ትንሽ ላላላ ነው።

በመጀመሪያው ንባብ ደብዳቤው ስለ እግዚአብሔር መስሎኝ ነበር። ሁለተኛው ላይ ስለ ትዳርህ መሰለኝ። ሦስተኛው ላይ ነው በቅንፍ ያስገባሃትን አንዲት ዓረፍተ ነገር ያየሁት። «(ዲያሊሲሱን ስናቋርጥ ለሐኪሙ አልነገርንም፤ እኔ የተማርኩት ልጅም አልተናገርኩም)»። ሁለት ገጽ ሙሉ እግዚአብሔርን ከሰሃል። ራስህን የከሰስከው ግን በቅንፍ ነው።

«ጥፋትህ አይደለም» ብዬ ልለፈው እችል ነበር። ለቅሶ የመጣው ሁሉ እንደዚያ ብሎሃል፣ ጠብ ያለልህ ነገር የለም። ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው ዲያሊሲስ ሲያቋርጥ ምን እንደሚመጣ ዛሬ ታውቃለህ፣ ባዮሎጂ ነው የምታስተምረው። ያን ቀን የነበረውን ሰው ግን ዛሬ ባለህ እውቀት አትፍረድበት። ያን ቀን ምን ነበር? ልጁ በሳምንት ሁለቴ፣ በየጊዜው ለአራት ሰዓት ያህል፣ ክንዱ ላይ መርፌ ተሰክቶ ይተኛል። ገንዘቡ አልቋል። እናትህ ተስፋ አድርገዋል። እሱ ራሱ በገዛ አፉ «ውሰዱኝ» ብሏል። እምቢ ብትለው ኖሮ ዛሬ የምትጽፍልኝ ሌላ ደብዳቤ ነበር፤ «የወንድሜን የመጨረሻ ልመና ከለከልኩ» የሚል። ነገሩ ካለፈ በኋላ መንገዱ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መሀሉ ላይ የቆመ ሰው ግን ያየው ጉም ነበር፤ የጣርማ በርን ጉም ታውቀዋለህ፣ የራስህን እጅ አያሳይህም።

አሁን እንደማየው በውስጥህ ያለው ክስ የማይዘጋው ለዚህ ነው። እግዚአብሔር ጥፋተኛ ከሆነ አንተ ነጻ ትወጣለህ። እሱ ነጻ ከወጣ ደግሞ አንተ ትቀራለህ። ሁለቱንም መሸከም ከበደህና ፋይሉን በየሌሊቱ ትከፍተዋለህ። ክሱን ለጊዜው ብታቆየው ግን የሚቀረው ሐዘኑ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ገና አልተለቀሰም። ድንኳን አስተከልክ፣ ንፍሮ አስቀቀልክ፣ የዕድሩን ዕቃ ቆጥረህ ተረከብክ፣ ቆጥረህ መለስክ። ይህን ሁሉ ጽፈህልኛል። ያለቀስክበትን ቦታ ፈልጌ አጣሁ።

(ይህን ለሌሎቻችሁም ላንሳ። ጸበልና ሕክምና አብረው አይሄዱም የሚል ነገር ዛሬም ይሰማል። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጸበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናግረዋል። ጸበል የሚሄድ በሽተኛ ካላችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፤ መድኃኒቱም ቦርሳ ውስጥ ይግባ።)

ወደ እግዚአብሔር ልመለስ፣ ከሱ ነውና የተጣላኸው። አባትህ በየጠዋቱ ዳዊት ይደግማሉ ብለሃል። በግእዙ 12ኛውን መዝሙር ሲያነቡ አንድ ቀን ጆሮህን ስጣቸው። «እስከ ማእዜኑ እግዚኦ ትረስዐኒ ለግሙራ» ይላል፤ አቤቱ፣ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ ማለት ነው። አባትህ ይህን በቃላቸው ያውቁታል። አንተ በልብህ የምትለውንና የምታፍርበትን ነገር እሳቸው ጮክ ብለው፣ ጋቢ ለብሰው፣ በፊትህ ሲሉት ኖረዋል። ጸሎት መሆኑ ነው ልዩነቱ። ያንተም ሊሆን ይችላል፣ እኔ ግን ይሁን አልልህም።

በሥነ ልቦናው በኩልም የሚታወቅ ነገር ነው። ኬኔት ፓርጋመንት የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ዕድሜውን ለዚህ ሰጥቷል። እሱና ባልደረቦቹ ሆስፒታል የተኙ፣ 55 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን 596 ሰዎች ለሁለት ዓመት ተከታትለው በ2001 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አሳተሙ። «እግዚአብሔር ትቶኛል» ከሚለው ሐሳብ ጋር የሚታገሉት ከሌሎቹ በላይ ተጎድተው ተገኙ። ላስፈራራህ አይደለም። በኋላ ጠለቅ ብለው ሲያዩት ይበልጥ የጎዳቸው ትግሉ የከረመባቸውን ነው፤ መጀመሪያም መጨረሻም ላይ እዚያው የነበሩትን። መጠራጠር ብዙ ሰው ላይ ይመጣል። ደብረ ብርሃን መጠለያዎች ውስጥ ካሉ ተፈናቃዮች «እሱ የት ነበር?» የሚለውን ጥያቄ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ብዙዎቹ ጥያቄውን እየጠየቁ ነው ቅዳሴ የሚቆሙት። አንተን ብቻህን ያስቀረህ ጥያቄውን መደበቅህ ነው።

የደበቅክበትም ምክንያት ይገባኛል። ሰው ለሐዘንተኛ ቶሎ መልስ ይሰጣል። «ስለወደደው ወሰደው።» «ለበጎ ነው።» የኢዮብ ሦስት ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። እስከዚያ ድረስ ጥሩ ወዳጆች ነበሩ። የተበላሸው ማብራራት ሲጀምሩ ነው። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ተግሣጹ የደረሰው ለነሱ ነው። «እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም» ተባሉ፤ ኢዮብ ግን ሲያማርር ነበር የከረመው። ንስሐ አባትህን ስትመርጥ ይህን አስብ። ከመልስ በፊት መቀመጥ የሚችሉትን ፈልግ። አሁን ያሉት ይቆጣሉ ካልክ፣ አባት መቀየር ነውር አይደለም።

አሁን ደግሞ ስለ ሰውነትህ። «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እነቃለሁ፣ ሱሪዬም ሰፋኝ» ብለህ እንደ ቀላል አልፈኸዋል። እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ አለመብላት፣ ምንም ነገር ደስ አለማለት ከሁለት ሳምንት ካለፈ ድብርት ሊሆን ይችላልና መታየት አለበት፤ አንተ ደግሞ ወራት አስቆጥረሃል። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሄደህ የአእምሮ ሕክምና ክፍሉን ጠይቅ። እምነት የለህም ማለት አይደለም፣ አብደሃል ማለትም አይደለም። «ተከትዬው በሄድኩ» የሚል ሐሳብ ሽው ብሎህ ከሆነ ግን ይህን አምድ ጨርሰህ አታንብብ፤ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገርና አብራችሁ ሂዱ።

«ተስፋ እንዴት ነው የሚመለሰው?» ብለሃል። ልክ እንደ ስሜት፣ አንድ ጠዋት ስትነሳ ልብህ ሞልቶ ታገኘው ዘንድ እየጠበቅክ ይመስለኛል። የአባትህን በልግ ተመልከት። በልግ መንዝን ስንቴ እንደከዳ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። ዝናቡ ይቀራል። ሲመጣም በረዶ ይወርዳል፣ ውርጭ ይመታዋል። አባትህ ግን ጊዜው ሲደርስ ገብሱን ይዘራሉ። በዘሩ ቁጥር ደስ ብሏቸው የዘሩ አይመስለኝም፤ አንዳንዱን ዓመት እያጉረመረሙ ነው። አንተም እንደዚያ አድርግ። ልጆችህን ትምህርት ቤት አድርስ። ከሰዓት በኋላ ከአንድ ጓደኛህ ጋር ወደ ገደሉ አፋፍ ወጣ በል። የወንድምህን ስም በቀን አንድ ጊዜ በአፍህ ጥራው፣ ስለ በሽታው ሳይሆን ስለ ሳቁ ለልጆችህ ንገራቸው። ቅጥሩ ጋ መቆምህንም አትናቀው። ውስጥ ካልገባህም፣ ትተህም አልቀረህ።

ዣንጥላውስ? ስለቱ የእናትህ ነው፣ ያንተ አይደለም። «ልጁ ሳይድን ለምን ይገባል?» ማለትህ ገብቶኛል፤ ውል ፈርሷል እያልክ ነው። እሳቸው ግን ውሉን አልጻፉትም መሰለኝ። ያ ዣንጥላ ለሳቸው አሁን የልጃቸው ዕቃ ነው። ይስጡት። አንተ ቁም ሳጥኑን ገፋ አድርገህ አውጣላቸውና አብረህ እስከ በሩ ሂድ። «እማዬ፣ አሁን መቁረብ አልችልም፣ ልቤ ገና ነው» በላቸው። ይህን ያህል ይበቃል። ለታይታ አትቁረብ፤ አንተው በምታምንበት ሚዛን ሌላ ሸክም ትጨምራለህ።

ባለቤትህን መጨረሻ ላይ ባመጣትም የሷ ነገር ከሁሉም በላይ ያስቸኩላል፤ መጀመሪያ መነገር ያለባት እሷ ናት፣ ከእናትህም ከቄሱም በፊት። በጥርጣሬዋ አልፈርድባትም። በቁርባን ያገባ ባል በድንገት መቁረብ ሲያቆም፣ ሌሊት ሲነቃ፣ ጥያቄ ሲሸሽ፣ አገሩ የሚያውቀው ማብራሪያ አንድ ነው። አንተ ደግሞ ሌላ አልሰጠሃትም። የሌለች ሴት ፈጥረህ ከጀርባዋ ተደበቅክ። ባለቤትህ ግን ከዚያች ከሌለችው ሴት ጋር ዓመት ሙሉ ስትፎካከር፣ ራሷን በመስታወት ስትመረምር ከርማለች። ከፍልሰታው እንቁላል ይልቅ ይህ ነው እኔን የከነከነኝ።

ልጆቹ ሲተኙ ንገራት። ቡና ከተፈላ ጥሩ፣ እሳት ዳር ከሆነ የበለጠ ጥሩ፤ ሰው እሳት እያየ ሲያወራ ይቀለዋል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይህ ይሁን፦ «ሌላ ሴት የለችም፣ ኖራም አታውቅም።» ከዚያ ትንሽ ጠብቅ። ልታለቅስ ትችላለች። ሁለተኛው፦ «ወንድሜ ከሞተ ጀምሮ መጸለይ አልቻልኩም፤ ሐኪሙን ሳናማክር መውሰዳችንም እንቅልፍ ነስቶኛል።» ቅንፉን እዚህ አንሳው። «ሰይጣን ነው» ብትልህ አትሟገት፣ ስለፈራች ነው። «ሊሆን ይችላል፣ እኔ ግን አዝኛለሁ፣ አብረሽኝ ቁጭ በይ» በላት። ጸልይ ሳትልህ ለራሷ ብትጸልይ ቅር አይበልህ። ስልክህን አውጥተህ እሷ ፊት አስቀምጠው፣ ይለፍ ቃሉንም ንገራት።

በአንድ ሌሊት የሚያልቅ ወሬ አይደለም። ሁለትና ሦስት ቀን ይውሰድ።

እንቁላሉን መጨረሻ ላይ ንገራት። ምናልባት ትስቅብሃለች።