ዶክተሩስ መቼ ይረፍ?

የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። አዲስ አበባ መሃል መሥራት ከጀመርኩ 16 ዓመት ሆነኝ። ስለ ሥራ ጫናና ስለ ቤት ኑሮ የምትጠይቁት ካለ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የቻልኩትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም) ነኝ። ዱቲ (ተረኛ ሆኜ) አድሬ ስወጣ ሞቼ ነው የምገባው፤ እንቅልፍ ግን እምቢ ይለኛል።

መልስ፦ የመጨረሻዋን ቡና ስንት ሰዓት ላይ ጠጣሽ? የካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሌሊት 10 ሰዓት የጠጣሽው፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ግማሹ አብሮሽ አለ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቡናውን ተዪውና፣ ፋታ ስታገኚ 20 ደቂቃ ሸለብ አድርጊ።

አደራ፣ ከዱቲ ወጥተሽ መኪና እንዳትነጂ። 24 ሰዓት ያልተኛ ሰው ሲፈተን፣ ንቃቱ በደሙ 0.10 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይቀራረባል። እኔ ቸርችል ጎዳና መብራት ስጠብቅ እንቅልፍ ይዞኝ ሄዶ፣ የኋላው ሚኒባስ በጥሩምባ ነው የቀሰቀሰኝ። ከዚያ ወዲህ ራይድ እጠራለሁ።

ጥያቄ፦ ደክሞኝ ነው ወይስ በርንአውት ነው?

መልስ፦ ሁለት ቀን ተኝተህ ከለቀቀህ ድካም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በርንአውትን በሽታ አይለውም፤ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ይለዋል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ መዛል፣ ለሥራው መቀዝቀዝና "ምንም አልረባም" ማለት። በኔ የታየኝ ሁለተኛው ነው። በሽተኛው ሕመሙን ሲያስረዳ እናደድ ጀመር።

ከሥራ ውጭም ምንም ደስ የማይልህ ከሆነ ወይም ሞትን ካሰብክ ግን ሌላ ነገር ነው። ዛሬውኑ ሳይካትሪስት ጋ ሂድ። አብሮህ የተማረ ጋ ማፈርህ ስለማይቀር፣ የማያውቅህን ምረጥ።

ጥያቄ፦ ደሞዙ አይበቃም። ማታ ማታ የግል ክሊኒክ እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ተማርራለች።

መልስ፦ ተወው አልልህም፤ የቤት ኪራይህን እኔ አልከፍልም። ግን በሳምንት አንድ ምሽት ለቤትህ ያዝ። ሰው ሲጠራህ "ዱቲ ነኝ" በል። ቤትህ ዱቲ ነህ፣ ምኑ ነው ውሸቱ?

ጥያቄ፦ ዘመድ ሁሉ የላብራቶሪ ውጤት በቴሌግራም ይልክብኛል።

መልስ፦ ኧረ ተዪኝ! እኔ ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ ግፊት ለክቻለሁ። መጨረሻ ላይ "እሑድ ከ10 እስከ 11 ሰዓት ደውሉ፣ የሚያጣድፍ ከሆነ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ" አልኳቸው። አክስቴ ለሁለት ወር አኮረፈችኝ። አሁን እሑድ 10 ሰዓት የመጀመሪያዋ ደዋይ እሷ ናት፤ ግማሹ ወሬ ነው።

ጥያቄ፦ ስፖርትስ?

መልስ፦ ጂም ከፍዬ ሁለት ቀን ሄጃለሁ። ከፒያሳ ሜክሲኮ ግን በእግሬ እወርዳለሁ።

ጥያቄ፦ በሽተኛ ሞተብኝ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሌላ አልጋ ላይ ነበርኩ። እስካሁን አልወጣልኝም።

መልስ፦ እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበርኩ። አሁን እጄን ታጥቤ መስኮቱ ጋ ትንሽ እቆማለሁ። ከዚያ አብራኝ የነበረችውን ነርስ "አንቺስ እንዴት ነሽ?" እላታለሁ። አንዳንዴ ሁለታችንም እናለቅሳለን። ራውንዱ (በሽተኞቹን በየአልጋቸው ማየቱ) አሥር ደቂቃ ይዘገያል፤ ይዘግይ።